ድራማ በጎረቤት ሕግ

የተከታታይ ድራማ ተመልካች አስተያየት የሚባለው፣ ድራማው ሲታይ፣ ከታየ በኋላ፣ አንዳንዴም ከመታየቱ በፊት ስለ ታሪኩ አካሄድና ስለ ገጸ ባሕርያቱ ጠባይ የሚሰጥ ፍርድ ነው። ፍርድ መባሉ በምክንያት ነው፤ ተመልካቹ ሐሳብ አያቀርብም፣ ይፈርዳል። በሐዋሳ ከተማ በባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ይህ ችሎት የሚሰየመው ለአካባቢው ስሙን በሰጠው ትልቁ አዳራሽ ውስጥ አይደለም። አዳራሹ የስብሰባ፣ የባህል ዝግጅትና የሹማምንት ንግግር ስፍራ ስለሆነ እዚያ የሚናገር ሰው እጁን ያወጣል፣ ማይክ ይጠብቃል፣ "በአጭሩ" ይባላል። የድራማው ችሎት የሚቀመጠው በየግቢው ሳሎን፣ በፀጉር ቤት፣ በኪራይ ክፍልና ቡና በተፈላበት በረንዳ ሁሉ ነው፤ እጅ ማውጣት የለም፣ "በአጭሩ" የሚልም አልተወለደም።

ችሎቱ ቋሚ አባላት አሉት። የቤቱ እመቤት ሰብሳቢ ናት፤ ሪሞቱ በእጇ ነው። ተማሪው ልጅ የሚቀጥለውን ታሪክ በስልኩ አይቶ የጨረሰ ሲሆን፣ "ንገረን" ሲሉት ይኮራል፣ "ዝም በል" ሲሉት ይናገራል። አባወራው ድራማ አያይም። አለማየቱን በየምሽቱ ለቤተሰቡ ያስታውቅና ዜና እስኪደርስ ብሎ በሩ አጠገብ ይቀመጣል፤ በሦስተኛው ሳምንት "ይቺ ልጅ እስካሁን አልነገረችውም እንዴ?" ብሎ የሚጠይቀው ግን እሱ ነው። ከሁሉም የጠለቀ እውቀት ያላት ወጥ ቤት ሆና ድምፁን ብቻ የምትሰማው የቤት ሠራተኛ ናት። ፊት ስለማታይ በእንባ አትታለልም። ማን እንደዋሸ ሽንኩርት እየከተፈች ታውቃለች።

ለችሎቱ ሥልጣን የሰጠው የጣቢያ እጥረት ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ለረጅም ዘመን አገሩ የሚያየው አንድ ጣቢያ ስለነበረ፣ ማታ የታየ ድራማ ሲነጋ የሁሉም ሰው ጉዳይ ነበር። "ገመና" በሚታይበት ጊዜ ድራማውን ያላየ ሰው በማግስቱ ቡና ላይ የሚያወራው አጥቶ ስኒ ሲያገላብጥ ይውል ነበር። "ሰው ለሰው" ደግሞ አበበ ባልቻ የተጫወቱትን አስናቀን ይዞ መጣ፤ አንድ ክፉ ሰው ለዓመታት በየቤቱ እራት ላይ ተገኘ። ለብዙ ተመልካች ተዋናዩ ዛሬም አስናቀ ናቸው፤ ሌላ ሥራ ላይ ሲታዩ እንኳ "ይሄ ሰውዬ አሁን ደግሞ ምን ሊያደርግ ነው?" ይባላል።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክንና የሌሎች አገሮችን ተከታታይ ድራማዎች የአማርኛ ድምፅ እያለበሰ በሳተላይት ማሰራጨት ሲጀምር የችሎቱ መዝገብ በአንድ ጊዜ ሞላ። በሳምንት አንድ ጉዳይ ያይ የነበረ ችሎት በየምሽቱ ሦስትና አራት ጉዳይ ይቀርብለት ጀመር። አዲስ አበባ ላይ የጥበብ ባለሙያዎች የአገር ውስጥ ሥራ ሊሞት ነው፣ ባህል ሊበረዝ ነው ብለው ተቃውሞ አሰሙ። ክርክሩ ባህል አዳራሽም ደርሶ ነበር፤ የተካሄደው ግን በማስታወቂያ ሰዓት ብቻ ነው።

ችሎቱ የሚሠራበት ሕግ የጎረቤት ሕግ ነው። አልተጻፈም፣ አንቀጹን ግን ሁሉም ያውቀዋል። በዚህ ሕግ ማንኛውም ገጸ ባሕርይ፣ ኢስታንቡል ይኑር አዲስ አበባ፣ ከአጥሩ ወዲያ እንዳለ ሰው ይቆጠራል። ስለዚህ የሚጠየቀው በታሪኩ ውስጥ ስላለው ድርሻ አይደለም። ሰላምታ ይሰጣል ወይ? እናቱን ይጦራል ወይ? ለቅሶ ይደርሳል ወይ? ልጅቷን ከወደዳት ሽማግሌ ለምን አይልክም? መሣሪያ ታጥቆ በጣራ ላይ የሚሮጠው ጀግና ይህን ሁሉ መመለስ አለበት።

በሕጉ ከባድ ከሚባሉት ወንጀሎች አንዱ ማዕድ ጥሎ መነሳት ነው። በቱርክ ድራማ ቁርስ ሲቀርብ ጠረጴዛው በአይብ፣ በወይራ ፍሬ፣ በእንቁላል፣ በማርና በዳቦ ይሞላል። ቤተሰቡ ይቀመጣል። አንዱ ክፉ ቃል ይናገራል፤ ሌላው ወንበሩን ገፍቶ ይነሳል፤ ቀስ በቀስ ሁሉም ይወጣና ምግቡ እንዳለ ይቀራል። ደራሲው ይህን የጻፈው የቤተሰቡን መፍረስ ለማሳየት ነበር። ባህል አዳራሽ ላይ ግን ዓይን ሁሉ የሚያርፈው ቁርሱ ላይ ነው። "ቢያንስ እንቁላሉን!" ይባላል። ሰው ገድሎ ሬሳ የደበቀ ገጸ ባሕርይ ይቅርታ ሊያገኝ ይችላል፤ ተገድዶ ይሆናል፣ አስተዳደጉ ከብዶበት ይሆናል። ሻዩን ሳይቀምስ የወጣው ግን መከላከያ የለውም። ጠብ ካለ ተበልቶ ነው የሚነሳው።

ክፉ ገጸ ባሕርይ በችሎቱ ፊት የሚያገኘው አቀባበል ከተጠበቀው ይለያል። ይሰደባል፣ ይረገማል፣ ስሙ ሲጠራ ይማተቡበታል። ሁለት ክፍል ከጠፋ ግን "ሰውየው ምን ሆነ?" ይባላል። ነገሩ ግልጽ ነው፤ በተከታታይ ድራማ ውስጥ ሥራ የሚሠራው ክፉው ብቻ ነው። በጠዋት ይነሳል፣ ያቅዳል፣ ቀጠሮ ያከብራል፣ ሲደወልለት ያነሳል። ደጎቹ መስኮት አጠገብ ቆመው ዝናብ ያያሉ። አስናቀ የተረገመውን ያህል የተናፈቀው ክፋት ተወድዶ አይደለም፤ እሱ በሌለበት ምሽት ታሪኩ ከቦታው ንቅንቅ ስለማይል ነው።

ከባዱ ቅጣት የተጠበቀው ለደጓ ነው። ያላነበበችውን ወረቀት የምትፈርም፣ ይቅርታ ያልጠየቃትን ይቅር የምትል፣ ስትሰደብ አንገቷን ደፍታ የምታለቅስ ሴት በደራሲው ዘንድ ጻድቅ ናት። ችሎቱ "ይቺ ደግ አይደለችም፣ ፈዛዛ ናት" ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። እዚህ ላይ ተመልካቹ ደራሲውን ይበልጠዋል። ደራሲው መበደልንና ደግነትን አምታቷቸዋል፤ ተመልካቹ ደግ ሰው በዓይኑ ስላየ አያምታታም። በሰፈሩ ደግ የሚባሉት ሴትዮ ዕቁብ የሚሰበስቡ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ያበደሩትን በቀኑ የሚጠይቁ፣ ሲቆጡ ግቢው ጸጥ የሚልላቸው ናቸው። እንዲህ ያለች ደግ ሴት በድራማ ውስጥ ብትገባ ታሪኩ በሁለተኛው ክፍል ያልቃል፤ ምናልባት ያልገባችውም ለዚያ ነው።

ችሎቱ ሁልጊዜ ፍትሐዊ ነው ማለት ግን አይቻልም። የቱርኩ "ኩዚ ጉኒ" አንዱ ወንድም ሌላው በመኪና ያደረሰውን የሞት አደጋ በራሱ ላይ ወስዶ የሚታሰርበት፣ ሁለቱም ደግሞ አንዲት ልጅ የወደዱበት ታሪክ ነው። በብዙ ሳሎኖች የተፈረደባት ልጅቷ ናት፦ "ወንድማማች አጣላች"። ወንድሙ ሲታሰርለት ዝም ያለው ሰው በነጻ ተለቀቀ። ሴት ስትበቀል እባብ፣ ወንድ ሲበቀል ወንድ ይባላል። ይህ የሕጉ ሳይሆን የዳኞቹ ጉድለት ነው፤ ከዳኞቹ የሚበዙት ሴቶች መሆናቸውም ነገሩን አላሻሻለውም።

የችሎቱን የመከራከር አቅም በደንብ ያሳየው "ጥቁር ፍቅር" ነው። የፖሊሱ የኦማር እጮኛ ከአንድ ባለጸጋ ነጋዴ ጋር መኪና ውስጥ ሞታ ትገኛለች። ኦማርና የነጋዴው ልጅ ኤሊፍ ገዳዩን ሲፈልጉ ይዋደዳሉ። ገዳዩ በመጨረሻ የኦማር ታላቅ ወንድም፣ ያውም ፖሊስ የሆነው ሁሴን ሆኖ ይገኛል። ተመልካቹ ይህን ከኦማር ቀድሞ ያውቃል፤ ጭንቀቱ ያለውም እዚያ ላይ ነው። ኦማር ከተማውን ሲያስስ ይውልና ማታ ከገዳዩ ጋር እራት ይበላል። ችሎቱ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ወገን "ፖሊስ ሆኖ የቤቱን ሰው ፊት ማንበብ ያቃተው ደመወዙን ይመልስ" አለ። ይህ ጥሩ ነጥብ ነው፣ ብዙ ድምፅም አግኝቷል። ሌላው ወገን በቁጥር ያንስ ነበር፤ አብዛኞቹ ታላቅ ወንድም ያላቸው ናቸው። የነሱ መልስ የወንድምን ፊት እንደ ተጠርጣሪ ፊት የሚያይ ሰው መጀመሪያውኑ ወንድም አልነበረውም የሚል ነው። ኦማር ያላየው ዓይን ስለሌለው ሳይሆን ማየት ነውር ስለሆነበት ነው። ይህ መከላከያ ከድራማው ውስጥ ከተነገረው ሁሉ ይጠነክራል፤ ደራሲዎቹ ለኦማር የሰጡት ምክንያት ሥራ በዝቶበት እንደነበር ብቻ ይመስላል።

ድምፅም ለብቻው የፍርድ ምክንያት ነው። አማርኛውን የሚናገሩት ባለሙያዎች በብዙ ድራማ ላይ ስለሚሠሩ፣ ሰኞ በአንዱ ድራማ የተከበረ አባት የሆነው ድምፅ በዚያው ምሽት በሌላው ድራማ ላይ ሰው ያፍናል። ጆሮው የነቃ ተመልካች ይህን ይቅር አይልም። አንድ አባት ልጁን ሲመክር "እሱ ራሱ አይደል እንዴ ቅድም ልጅቷን ያገታት!" የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ምክሩም ዋጋ ያጣል።

ስለ ታሪኩ አካሄድ የሚቀርበው አቤቱታ ብዙ ቢመስልም ተጠቅልሎ አንድ ጥያቄ ነው፦ ለምን አይነገረውም? አንድ ሰው ምስጢር ያውቃል። ሊናገር አፉን ይከፍታል። ስልክ ይጮኻል፣ ወይም በር ይንኳኳል፣ ወይም ሰሚው "አሁን አይደለም፣ ደክሞኛል" ይላል። ምስጢሩ ሌላ ሃያ ክፍል ይከርማል። ሐዋሳ ላይ የምስጢር ዕድሜ የታወቀ ነው፤ ጠዋት መናኸሪያ የተነገረ ነገር ለምሳ አሞራ ገደል አሳ ተራ ይደርሳል፣ ለመክሰስ ደግሞ ያልነበረበት ዝርዝር ተጨምሮበት ይመለሳል። በዚህ ከተማ የኖረ ሰው፣ አንድ ቤት ውስጥ የሚኖሩ ስድስት ሰዎች የልጁን እውነተኛ አባት ለዓመት ሳያወሩት ቆዩ ሲባል ቢስቅ አይፈረድበትም።

ከምስጢሩ ቀጥሎ የሚመጣው በሩ ነው። ሴረኞች የሚመክሩት ምንጊዜም ገርበብ ካለ በር ጀርባ ነው። የምትሰማዋ ሴት ግማሹን ትሰማና ሮጣ ትሄዳለች፤ ሳትሰማ የሄደችውን ግማሽ ብትሰማ ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። "ጨርሰሽ ስሚ እንጂ!" የሚለው ጩኸት እስከ ጎረቤት ይሰማል፤ ጎረቤትም ያንኑ እየጮኸ ስለሆነ አይከፋውም። መኪና ገጭቶት የሚረሳ፣ ተቀብሮ የሚመለስ፣ ሆስፒታል ውስጥ የተለዋወጠ ሕፃን ሁሉ ከዚሁ ወገን ነው፤ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በዚህ ረገድ ባዕዳኑም አይሻሉም፤ በአሜሪካው "ዳላስ" ድራማ የሞተው ቦቢ እ.ኤ.አ. በ1986 ከሻወር ቤት በሕይወት ሲወጣ ያለፈው ዓመት ታሪክ በሙሉ ሕልም ነበር ተብሎ ተሰርዟል።

የዚህ ሁሉ ምንጭ የደራሲ ስንፍና ብቻ አይደለም፣ የጊዜ ሒሳብም አለበት። የቱርክ ድራማ በአገሩ የሚታየው በሳምንት አንድ ቀን ሲሆን አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ደራሲዎቹ በየሳምንቱ የአንድ ሙሉ ፊልም ያህል መጻፍ አለባቸው። የረዘመው ዝምታ፣ የማያልቀው አተያይ፣ ቦስፎረስ ላይ የሚያንዣብቡት ወፎች፣ ሁሉም ደቂቃ ሞልተው ደመወዛቸውን ያገኛሉ። ድራማው ለውጭ ጣቢያ ሲሸጥ ደግሞ ያ ሁለት ሰዓት ተቆራርጦ ሁለትና ሦስት ክፍል ይወጣዋል። "ጥቁር ፍቅር" በአገሩ 54፣ "ኩዚ ጉኒ" 80 ክፍል ነበሩ፤ ባህል አዳራሽ ሲደርሱ ተባዝተው ነው። ስለዚህ ተመልካቹ "ዛሬ ምንም ሳይሆን አለቀ" ሲል ማማረሩ አይደለም፣ በትክክል መዝግቦ ነው። ያየው የአንድ ክፍል ቁራጭ ነው።

የአገር ውስጡ ድራማ ሕመም ሌላ ነው። በውጭው ማንም ምንም አይናገርም፣ በአገር ውስጡ ሁሉም ሰው ሁሉንም ይናገራል። ሁለት ሰዎች ሶፋ ላይ ተቀምጠው ትናንት የሆነውን ያወራሉ፤ በሚቀጥለው ትዕይንት ሌሎች ሁለት ሰዎች መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሶፋው ላይ የተወራውን ያወራሉ። ሶፋና መኪና ርካሽ ናቸው፤ መንገድ ዘግቶ፣ ሰው ሰብስቦ፣ መብራት አቁሞ መቅረጽ ውድ ነው። ተመልካቹ የበጀቱን ነገር ባያውቅም ሶፋውን ለይቶ ያውቀዋል፤ የሀብታሙ ሳሎንና የጠበቃው ቢሮ አንድ ሶፋ እንደሚጋሩ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርስበት እሱ ነው። ችግሩን ወደ ጥቅም የቀየሩም አሉ። በፋና የታየው "ምን ልታዘዝ" አንዲት ካፌ ውስጥ ተቀምጦ የአገሩን ፖለቲካ ሲነካካ ስፍራው ጠበበ ያለ ሰው አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቴሌቪዥን የቀረበው "እረኛዬ" ደግሞ ካሜራውን ወደ ገጠር ይዞ ሲወጣ ችሎቱ ለጥቂት ሳምንት የሚከሰው ሶፋ አጥቶ ተቸግሮ ነበር።

ተዋናይ ሥራውን ሲተው የሚሆነውም ለብቻው መነሳት አለበት። ገጸ ባሕርይው "ውጭ አገር ሄደ" ይባላል። እናቱ አታለቅስም፣ ማንም አይሸኘውም፤ በሚቀጥለው ክፍል አንዱ "እሱ እኮ አሜሪካ ነው" ብሎ ያልፋል። ይህ በደቡብ ኢትዮጵያ የሚኖርን ተመልካች በቀጥታ ይሰድበዋል። ወደ ደቡብ አፍሪካ ሰው ልኮ የሚያውቅ ቤተሰብ መሄድ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ገንዘቡ የሚለቀመው ከስንት ዘመድ ነው፣ እናቲቱ የምትተኛው ስንት ሌሊት ስልክ ከጠበቀች በኋላ ነው። ያንን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጨረሰ ደራሲ ታሪክ አላሳጠረም፣ ታሪክ ጥሏል። እንዲያውም ከድራማው ሁሉ የሚበልጠው ድራማ እዚያ ጋ ነበር።

አካባቢው የራሱ የሆነ ማነጻጸሪያ ስላለው ፍርዱ ይበረታል። በሲዳማ ባህል ሶንጎ የሚባል የሽማግሌዎች ጉባኤ አለ፤ ተበዳይና በዳይ ይቀርባሉ፣ ይደመጣሉ፣ ነገሩ በመግባባት ይቋጫል። የሚፈለገው ሀላሌ ነው፣ እውነቱ። ውሳኔውን አልቀበልም ያለ ሰው ማኅበረሰቡ በሚመራበት ሴራ መሠረት ሊገለል ይችላል፤ ቡና የማይጠራ፣ ለቅሶው የማይደረስ ሰው መሆን ከእስር የሚከብድ ነው። የሁሴን ጉዳይ በዚህ ሥርዓት ቢታይ ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ወንድማማቾች ከዛፍ ሥር አስቀምጠው "ተናገሩ" ይላሉ፣ በዚያው ቀን ነገሩ ይወጣል። 54 ክፍል አንድ ከሰዓት በኋላ ይሆናል። በውጭው ድራማ ውስጥ ሽማግሌ የማይገባው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። የምትገባው አያት ብቻ ናት፤ እሷም እውነቱን ታውቅና ልትናገር ስትል ትሞታለች።

ሁሉም ተመልካች ድራማውን በሰዓቱ አያይም። ቃና በጀመረበት ዓመት በሐምሌ ወር የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች በፋብሪካዎቹ በፈረቃ መሥራት ጀመሩ። ሦስትና አራት ሆነው አንድ ክፍል ሲከራዩ ፈረቃቸው ላይገናኝ ይችላል፤ ስለዚህ ያየችው ላላየችው ትተርካለች። ተራኪዋ ድራማውን እንዳለ አትነግርም፤ ታርመዋለች። አተያዩን፣ ወፎቹን፣ ሙዚቃውን ታወጣለች፤ አርባ ደቂቃው ሻይ እስኪፈላ ያልቃል። ቱርክኛው አዲስ አበባ ላይ አማርኛ ሆኖ ነበር፤ እዚህ ደግሞ ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ይሆናል፣ ኦማርም በሲዳምኛ ይቆጣል። እንደ ሥነ ጽሑፍ ከታየ ከሦስቱ የተሻለው ይህኛው ነው።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ተራኪ ሁሉም ሰው ይሆናል። መብራት የሚጠፋው በሩ ሊከፈት ሲል ነው፤ ይህ በጥናት ባይረጋገጥም ምስክር አያጣም። ቀጥሎ ያለውን ችሎቱ በጨለማ ይደርሰዋል፦ ትነግረዋለች፣ ይመታታል፣ የለም ይስማታል። መብራት ያልጠፋበት መስመር ላይ ያለ ዘመድ ይደወልለታል። እሱ የነገረው ከችሎቱ ድርሰት ካነሰ ስልኩ ይዘጋና የችሎቱ ይጸናል። በሁለት ግቢ ሁለት የተለያየ ታሪክ ሲጸና ክርክሩ የሚፈታው በማግስቱ በድጋሚው ነው። ድጋሚው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም አያስደስትም።

ተመልካቹ ፍርዱ እንዲፈጸም ይፈልጋል፣ ይህም አዲስ ነገር አይደለም። ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1893 ሼርሎክ ሆምስን ገድሎ ሲያርፍ አንባቢው አላረፈም፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ሰውየውን ለማስነሳት ተገዷል። እ.ኤ.አ. በ2019 "ጌም ኦፍ ትሮንስ" ሲያልቅ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች የመጨረሻው ዓመት እንደገና ይሠራ ብለው ፈርመዋል፤ አልተሠራም። ኢትዮጵያ ውስጥ የተመልካችና የአድማጭ ድምፅ በርግጥ የተቆጠረው በሬዲዮ ነው። "የቀን ቅኝት" ከ1994 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍል ሲተላለፍ በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ መጥቶለታል። ድራማው የተሠራው ሜክሲኳዊው ሚጌል ሳቢዶ ባወጣው ዘዴ ነበር፤ በዘዴው ጥሩ ሰው፣ መጥፎ ሰውና በሁለቱ መሀል የሚዋልል ሰው ይቀመጣሉ፣ አድማጩም ከሚዋልለው ጋር አብሮ እንዲማር ይታሰባል። ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤችአይቪ ለማስተማር የተጻፈ ነውና ደብዳቤው ስለዚያ እንዲሆን ተፈልጎ ነበር። ስለዚያም ነበረ። ግን ተከታታይ ድራማን የሚያውቅ ሰው፣ ከዚያ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ ለገጸ ባሕርያቱ "ያንን ሰው እንዳታምኚው" የሚል ምክር ያልጫነ ጥቂት መሆኑን ለመገመት ፖስታውን መክፈት አያስፈልገውም።

ከባህል አዳራሽ ለኢስታንቡል ደብዳቤ አይጻፍም፤ ቢጻፍም ድራማው ቱርክ ውስጥ ካለቀ ዓመታት አልፈውታል። ተመልካቹ የሚለምነው ያለቀ ነገር እንዲለወጥ ነው። ይህን ሲነግሩት አይደነግጥም፤ እግዚአብሔርንም የሚለምነው እንዲሁ ነው። ይልቅ ለቅርቡ ደራሲ ነው የማይራራው። የአገር ውስጥ ድራማ ሲሆን ደራሲውም ተዋናዩም በሰው ሰው ይገኛሉ፣ አንዱ የአክስት ልጅ አብሮት ተምሯል፣ ስልክ ቁጥር ይፈለጋል። አመሻሽ ላይ ገጸ ባሕርይ የገደለ ደራሲ በማግስቱ ስልኩን ባያነሳ አይታማም።

መጨረሻ ክፍል ሲደርስ ችሎቱ ሙሉ አባላቱን ይዞ ይሰየማል፤ ፈረቃ ይቀየራል፣ እራት ቀድሞ ይበላል። መጨረሻው ሁልጊዜ ያነሰ ነው። ክፉው በሁለት ደቂቃ ይሞታል፤ ሁለት ዓመት የሠራ ሰው እንዲህ ሲሸኝ ማየት ጠላቱን እንኳ ያሳዝናል። ፍቅረኞቹ ይጋባሉ፣ ሠርጉ ግን አጭር ነው፤ ማን እንደ ተጠራ፣ ምን እንደ ተበላ፣ የሙሽራው እናት ምን እንደለበሰች አይታይም። ይህ ቅሬታ ቀልድ አይደለም። በጎረቤት ሕግ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ስላልሆነ፣ የተጣሉት ሁለቱ ቤተሰቦች ሠርጉ ላይ አብረው ሲበሉ ካልታየ ዕርቁ አልተረጋገጠም፣ ዕርቁ ካልተረጋገጠ ደግሞ ታሪኩ አላለቀም። ደራሲው መሳሳም አሳይቶ "ተፈጸመ" ሲል ችሎቱ ፋይሉን ክፍት አድርጎ ይበተናል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጣቢያው ድራማውን ከክፍል አንድ ጀምሮ በድጋሚ ያቀርባል። የሚሞተው ማን እንደሆነ፣ የሚከዳው ማን እንደሆነ፣ ምስጢሩ በየትኛው ክፍል እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል። እውቀቱ ግን ፍርዱን አያቀለውም። ገርበብ ያለው በር ጋ ስትደርስ እንዳትሄድ ይነገራታል፣ ጨርሳ እንድትሰማ ይነገራታል፣ በስሟ ትጠራለች፣ ትለመናለች። ግማሹን ሰምታ ትሄዳለች።